እሱ መንገድ ሰልችቶታል፣ እኔ ደግሞ ቤት

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ በጂቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳል። እናቱም ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የደም ግፊትም አለባቸው። አማቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ችግሬ ችግር መባሉን እንጃ። በዚህ ዓመት የ80 ሺህ ብር ዕቁብ ደረሰኝ። ዕቁቡን የጣልኩት እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች በማስረክበው ገንዘብ ነው። በልቤ ይዤው የኖርኩት ሐሳብ ቤተሰቤን ሰብስቤ አንድ ጊዜ እንኳን ወደ ለምለም አገር መውጣት ነበር። የካፋን ጫካ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ ቡናው ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር በቅሏል፣ ወንዙም ከገደል ላይ ይወረወራል። እዚያ ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው ቆልቶ ያፈላውን ቡና መጠጣት እመኛለሁ። በቤቴ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይፈላል፤ የማፈላው እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። “እኔ ወር እስከ ወር መንገድ ላይ ነኝ፤ ዕረፍት ብለሽ ያመጣሽልኝ ሌላ መንገድ ነው?” አለኝ። በብሩ ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርተን እንድናከራይ ይፈልጋል። ካልሆነም እንደ አምናው አዲስ አበባ እህቱ ቤት እንሂድ ይላል። አምና ሄደን አሥር ቀን ቆየን። እህቱ ቢሮ ትውላለችና ማዕድ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ስመለስ ከመሄዴ በፊት ከነበርኩት የባሰ ደክሞኝ ነበር።

ልጆቼም ያሳዝኑኛል። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው፤ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አይነቅልም። ትንሿ የ8 ዓመት ልጅ ናት። በቅርቡ መምህሯ ወንዝ ሣሉ ብላቸው ቡናማ ቀለም የተቀባ ሥዕል ይዛ መጣች። “ለምን ሰማያዊ አላደረግሽውም?” ብላት “የእኛ ወንዝ ደቻቱ እኮ አሸዋ ነው” አለችኝ። የዚያን ዕለት አለቀስኩ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ስጽፍ እንኳን ያማሁት ይመስለኛል። ገንዘቡ የእኔ ነው ብዬ ልጣላው? ልጆቹን ይዤ ብቻዬን ልሂድ? ወይስ ሐሳቡን እርግፍ አድርጌ ልተወው? እሱን ሳላስቀይም እንዴት ልንገረው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬዳዋ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ያቆየኝ “ችግሬ ችግር መባሉን እንጃ” ያልሽው ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ላይ የምጣድ ወላፈን ጨምራ፣ አማቷን እየጦረች፣ ልጆቿን እያሳደገች፣ ከዚያም ቆጥባ ዕቁብ የጣለች ሴት ጥቂት ቀን ልረፍ ብትል ማንንም ይቅርታ መጠየቅ የለባትም። የልጅሽ ሥዕል ያስለቀሰሽም ለእሷ አዝነሽ ብቻ አይመስለኝም። አንቺ ራስሽ እግርሽን ወራጅ ውሃ ውስጥ ካስገባሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?

ባለቤትሽ ሲስቅ ሐሳብሽን የናቀው መስሎሽ አዝነሽ ይሆናል። እኔ ግን የእሱንም ድካም በደብዳቤሽ ውስጥ አየሁት። ተሳቢ የሚነዳ ሰው በረሃውን ያቋርጣል፣ ኬላ ላይ ይቆማል፣ ወደብ ላይ ተራ ይጠብቃል፣ ሌሊቱንም እዚያው ጋቢና ውስጥ ይተኛል። እንዲህ ላለ ሰው “ጉዞ እንውጣ” ሲባል መጀመሪያ የሚታየው አስፋልቱ ነው። ቤቱ ደግሞ ለእሱ የሥራ ማብቂያ ነው፤ በር ዘግቶ የሚተኛበት፣ ቡና ተፈልቶ የሚጠብቀው ቦታ። አንቺ ዘንድ ሲመጣ ያው ቤት የሥራ ቦታ ይሆናል። እሱ የሚገላገልበት ደጃፍ አንቺ የምትጀምሪበት ነው። ሁለታችሁም ዕረፍት ብላችኋል፤ አንዳችሁ ወደ ውስጥ፣ አንዳችሁ ወደ ውጭ ትጠቁማላችሁ እንጂ የተጣላችሁበት ነገር ያን ያህል አይደለም።

እስቲ ልጠይቅሽ። ጉዞውን ስትነግሪው ማን እንደሚነዳ ነግረሽዋል? አምና አዲስ አበባ የሄዳችሁትስ በምን ነበር? መኪና ተውሶ እሱ ነድቶ ከሆነ እሱም እንዳንቺው ሥራውን ተሸክሞ ነው የሄደው፤ አንቺ ድስትሽን፣ እሱ መሪውን። ስለዚህ የት እንሂድ ከማለታችሁ በፊት በአንድ ነገር ብትስማሙ እወዳለሁ፦ በዚህ ጉዞ እሱ መሪ አይነካም፣ አንቺም ድስት አትነኪም። ይህ ካልተጠበቀ ካፋም ብትሄዱ የአዲስ አበባው ዓይነት ጉዞ ነው የሚሆንብሽ።

ልጆቹን ይዘሽ ብቻሽን መሄድ ትችያለሽ፤ የሚከለክልሽ የለም። ነገር ግን በደብዳቤሽ የተመኘሽው አምስታችሁም ያላችሁበትን ጉዞ ነው፤ “ቤተሰቤን ሰብስቤ” ነው ያልሽው። ስለዚህ ይህን መንገድ ወደ መጨረሻ አቆይው። “ገንዘቡ የእኔ ነው” የሚለውንም እንዲሁ። እውነት ነው፣ የላብሽ ፍሬ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ወሬውን በዚያ ከጀመርሽው ግን ከዚያ በኋላ የምትናገሪው ስለ ዕረፍት ሁሉ ስለ ብር ሆኖ ይሰማዋል።

አሁን ስለ ቦታው። የካፋ ምኞትሽ ደስ ይለኛል፤ ያየሽውም እውነት ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ቡናው ዛሬም ከጫካው ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል፣ ቦንጋ ከተማ የቡና ሙዚየም አለ፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የባርታ ፏፏቴን ታያላችሁ። ግን ከአዲስ አበባ ቦንጋ ብቻ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለውም ከዚያ አያንስም። አማትሽን ከነጉልበታቸው ሕመም ይዛችሁ ደርሶ መልሱ ብቻ አራት ቀን ይበላችኋል። ልጆቹ የሚያርፉበት ክረምት በዚያ አገር ዝናቡ የሚጠናበት፣ መንገዱ የሚጨቀይበት ጊዜ ነው፤ ቡናው ቀልቶ የሚለቀመው ደግሞ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። መንገድ በቃኝ ላለ ሰው የመጀመሪያውን ጉዞ በዚህ አትጀምሪለት። ካፋ አይቅርብሽ፤ ይቆይሽ። እስከ ጅማ በአውሮፕላን መሄድ የሚያስችል ገንዘብ የምታጠራቅሙበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ እሱም አስፋልቱን ሳይሆን ደመናውን እያየ ይሄዳል።

ለአሁኑ እኔ የማስብልሽ ሐረርን ነው። “ሐረርማ ጎረቤት ናት፣ ምኑን ዕረፍት ሆነ?” ብለሽ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ለመሆኑ ሐረር ሄደሽ ያደርሽው መቼ ነው? ብዙ የድሬዳዋ ሰው ሐረርን የሚያውቃት ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለጉዳይ ጠዋት ሄዶ ማታ በመመለስ ነው። ማደር ሌላ ነገር ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ከሄዳችሁ ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋችኋል። በሙቀት ለኖረ ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መተኛት ምን ያህል ደስ እንደሚል አንቺው ታውቂዋለሽ።

መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በሚኒባስ ሂዱ፤ ከቻላችሁ ለቤተሰቡ ብቻ ኮንትራት ያዙ፣ ባለቤትሽንም ከኋላ፣ ከልጁ አጠገብ አስቀምጪው። ጋቢና ከገባ ከሾፌሩ እኩል ሲነዳ ነው የሚደርሰው። ደንገጎን እየዞራችሁ ስትወጡ መስኮቱን ክፈቱት፤ አየሩ በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ልጆቹ በፊታቸው ይወቁት። ሐረማያ ስትደርሱ ደግሞ ሐይቁን ለትንሿ አሳዪያት። ለዓመታት ደርቆ ከብት ሲውልበት የነበረ ቦታ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ወንዝ ማለት አሸዋ ነው ለምትል ልጅ የሄደ ውሃ ሊመለስ እንደሚችል ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ሌሊት ይበቃችኋል። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አታቅዱበት። ባለቤትሽ ይተኛ፤ እስኪጠግብ ይተኛ፣ ማንም አይቀስቅሰው። ይህን ቀድመሽ ቃል ግቢለት።

አንቺ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ቡናሽን ጠጪ። ቁርሱን ሆቴሉ ያቅርብላችሁ፤ ቡናውን ግን ከሆቴሉ ወጥተሽ ጠጪው። በፈረስ መጋላ ወይም በጀጎል ቅያሶች ውስጥ ጀበና ጥዳ የተቀመጠች ሴት አታጪም። ተቀመጪ። ሲኒው ሲደረደር እጅሽ ሊነሣ ይላል፤ ልለቅልቅልሽ፣ ፍሙን ላራግብልሽ ልትያት ትቃጫለሽ። ተይው። ጭሱ ወደ አንቺ ሲመጣ ብቻ ፊትሽን አዙሪ። አቦሉን ስትሰጥሽ ሳትቸኩዪ ጠጪ፤ ቶናውንም እሷ ትቅዳልሽ፣ በረካውንም እሷ ትቅዳልሽ። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነፍሬው በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ ቤትሽ ከምታፈዪው ያን ያህል ላይለይ ይችላል፤ ጣዕሙ የሚለየው ከተቀመጥሽበት ነው። ለአማትሽ ደግሞ ቁቲ ጠይቂላቸው፤ ሐረሪዎች የቡናውን ቅጠል አፍልተው ከወተትና ከጨው ጋር የሚጠጡት ነው። ጨው ያለበትን ግን ለግፊታቸው ሲባል ቀነስ ይደረግላቸው። ባለቤትሽም በዚያች ሰዓት አጠገብሽ ቢቀመጥ እመኛለሁ፤ የእጅሽን ሥራ ከሌላ ሰው እጅ ሲጠጣው ቤት ውስጥ ልብ ያላለውን ነገር ልብ ይለው ይሆናል።

ወንዙን በሦስተኛው ቀን ሂዱበት። ከሐረር ወደ ባቢሌ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ የኤረርን ሸለቆ ያቋርጣል። ራቅ ብሎ ባቢሌ አለ፤ ኦቾሎኒው የታወቀ ነው፣ ከዚያም ወዲያ ሰው የደረደራቸው የሚመስሉ ድንጋዮች የቆሙበት ሸለቆ። ያን ሁሉ ለማየት ግን አትሩጡ፤ ኤረር ላይ ውሃው ዳር ከተቀመጣችሁ ይበቃል። የበጋ ወራት ስለሆነ ውሃው ይቀንሳል፤ ለ8 ዓመት ልጅ ግን ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወራጅ ውሃ ሙሉ ወንዝ ነው። ጫማዋን አውልቃ ትግባ። እዚህ ላይ የድሬዳዋ እናት የምታውቀውን ማስታወስ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት ደቻቱ ሌሊት ያመጣውን ጎርፍ ያልሰማ ቤት የለም። ዝናቡ የዘነበው ራቅ ካለ ደጋ ላይ ሆኖ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ሊል ይችላል። ስለዚህ በበጋም ቢሆን የላይኛው አገር ጠቁሮ ካያችሁ ወይም ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወዲያው ውጡ። ቢልሃርዚያም እንዳለ አስቢ፤ ከቆመ ውሃ ትራቅ፣ ወራጁ ውስጥም ብዙ ሰዓት አትቆይ፣ ከወጣችም በኋላ በፎጣ በደንብ አድርቂያት። ስለ መንገዱ ደኅንነት ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ሐረር ላይ ጠይቁ፤ መረጃው ከባለቤትሽ የሥራ ባልደረቦች የተሻለ የትም የለም፣ ይህን ለእሱ ተዪለት።

ጫካ የሚለውን ምኞትሽን ግን ሐረር አትሞላልሽም፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር እዚያ ደርሰሽ ትቆጪኛለሽ። ኮረብታው ታርሷል፣ ብዙ የቡና ማሳም ለጫት ለቋል። እዚህም እዚያም የቡናና የፍራፍሬ ጥላ ታገኛላችሁ እንጂ ያ በቴሌቪዥን ያየሽው ደን የለም። ጫካው የካፋ ድርሻ ሆኖ ይጠብቅሽ።

አማትሽ በዚህ ጉዞ ሸክም እንዳይመስላቸው አስቢላቸው። ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ክርስቲያን ከሆኑ ቁልቢ ገብርኤልን መሳለም ሳይመኙ አይቀሩም፤ ደንገጎ ላይ በሐረር ፈንታ ወደ አዲስ አበባው አቅጣጫ ስትታጠፉ የምታገኙት ነው። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ያለው የሕዝብ ግፊያ ለጉልበታቸው አይሆንም፤ በአዘቦት ቀን ግን ጸጥ ብሎ፣ ተቀምጠው ጸልየው ይመለሳሉ። በመልስ መንገዳችሁ አድርጉት። እናቱ ቁልቢን ሊሳለሙ ነው ሲባል ባለቤትሽ ጉዞውን በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ይህን የምልሽ እንድታታልዪው አይደለም፣ እውነተኛ ምኞታቸው ከሆነ ብቻ ነው።

ልጅሽን በስልኩ አትጨቅጭቂው፣ አትቀሚውም። ሥራ ስጪው፤ ሆቴሎቹን እሱ ይደውልላቸው፣ ዋጋ ያወዳድር፣ ፎቶውንም እሱ ያንሳ። አንድ ምሽት ከአባቱ ጋር ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚቀለብበት ይሂዱ። ሥጋውን እንጨት ላይ አድርጎ እሱ ራሱ ሊያጎርሰው ይችላል። አባትና ልጅ ብቻቸውን ይሂዱ። ወር እስከ ወር መንገድ ላይ ያለ አባት ከልጁ ጋር ለብቻው የፈራበትና የሳቀበት ምሽት ስንት ጊዜ ይገኛል?

ስለ ሰርቪስ ቤቱ፦ የባለቤትሽ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ኪራይ ሲገባ አንቺም ከምጣዱ ፊት ትንሽ ትነሻለሽ። ስለዚህ ወይ ይህ ወይ ያ አታድርጉት። ከዕቁቡ ለጉዞው የምታወጪውን ጣሪያ አሁኑኑ ወስኚ፣ የቀረው ለቤቱ መነሻ እንዲሆን በባንክ ለብቻ ይቀመጥ። ሰርቪሱ በጠቅላላው ስንት እንደሚፈጅም አብራችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ለሱቆቹም ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ለአራት ቀን የሚተካሽ ጎረቤት ፈልጊ፣ ካለዚያ ደንበኛ ሄደብኝ ስትዪ ዕረፍቱ ይመርብሻል።

አነጋገሩን ጠይቀሽኛል። ከመንገድ የገባ ዕለት አትንገሪው። ተኝቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ያድር። በማግሥቱ ቡናው ከመፈላቱ በፊት፣ አንቺም ሳትንቀሳቀሺ አጠገቡ ተቀምጠሽ እንዲህ በዪው፦ “መንገድ እንደበቃህ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ ቤት በቅቶኛል። ሦስት ሌሊት ሐረር እንሂድ፤ አንተ አትነዳም፣ እኔ አልሠራም። እናትህም ቁልቢን ይሳለማሉ። ከዕቁቡ ይህን ያህል ይወጣል፣ የቀረው ለሰርቪሱ ነው።” ከዚያ ዝም በዪና ይመልስ። ቶሎ እሺ ካላለ አትጫኚው፤ ለእህቱ ቤት ጉዳይ ግን በዚህ ዓመት አልችልም ማለትን አትፍሪ። ምክንያቱንም ንገሪው፤ አዲስ አበባ ላይ ምን ያህል እንደደከምሽ ከዚህ በፊት ነግረሽው ካላወቅሽ እሱ እስከ ዛሬ ተዝናናሽ ብሎ ያምናል።

እምቢ ቢልም ነገሩ አላለቀም። አንድ እሑድ ልጆቹን ይዘሽ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ተመለሺ፤ ሐረማያን አሳዪያቸው፣ ቡናሽን ጠጪ። የዚያን ቀን እናቱን እሱ ይጠብቃል፣ ምሳውንም እሱ ያስባል። ቤት መዋል የሚወድ ሰው ቤት መዋልን ከነሥራው ይሞክረዋል። ያለ ጥል ነው የምትሄጂው፣ “ደኅና ዋሉ” ብለሽ።

አሁን ግን ከሁሉም በፊት ልጅሽ ሐረር ላሉ ሆቴሎች ይደውል። ለአማትሽ ምድር ቤት ክፍል እንዳላቸው፣ ሙቅ ውሃ መኖሩን፣ ቁርስ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ይጠይቅ። ከባለቤትሽ ጋር ስትቀመጪ በእጅሽ የታወቀ ዋጋ ይኑር።